ምስጋና ለሞንታርቦ

ሐዋሳን የመሰለ ሙዚቃ አዋቂ ከተማ የለም። ለማሞካሸት ብዬ አይደለም። ቤዝ ጊታር አዝዬ ከአቶቴ እስከ ፒያሳ፣ ከታቦር ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር ሰርግ ለሰርግ ስዞር ያየሁትን ነው። ሌላው ዓለም ሙዚቃን በጆሮው ይሰማል አሉ። ምን ያለ ልፋት ነው! ቁጭ ብሎ ማድመጥ፣ ቅኝቱ ተያዘ አልተያዘ ብሎ መጨነቅ፣ ድራሙና ቤዙ ተገናኙ አልተገናኙ ብሎ መለየት። የእኛ ሰው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ከተገላገለ ቆይቷል። ቀና ይላል፣ መድረኩን አንዴ ያማትራል፣ ሞንታርቦ፣ ማለትም ትልልቁን ስፒከር፣ ይቆጥራል፣ ይፈርዳል።

ዕድሜ ይስጥልን እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ነገሩ የሚጀምረው በስልክ ነው። የጥር ወይም የሚያዝያ ሰርግ ሲቃረብ የሙሽራዋ አጎት ይደውላሉ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁልጊዜ አጎት ናቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው።

«ስንት ሞንታርቦ አላችሁ?»

«አራት አለን ጋሼ።»

ዝም ይላሉ። ከዚያ በሐዘኔታ፣ «እነ እንትና ቤት እኮ ስምንት ነበር።»

ማን ይዘፍናል ብለው አይጠይቁም። ድራመር አለ ወይስ ኪቦርዱ ነው የሚመታው አይሉም። ልምምድ ታደርጋላችሁ ወይ ማለትማ ነውር ነው። እኔም ጨዋ ስለሆንኩ ፊዚክስ ውስጥ አልገባም። ኃይሉን እጥፍ ብናደርገው የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ እጥፍ ጮኸ እንዲባል ዋቱ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ይህን ብነግራቸው ጋሼ «በቃ 10 እጥፍ አምጣ» ነው የሚሉኝ። የት አስቀምጠዋለሁ? ድንኳኑ እንግዳውንም በግድ ነው የያዘው።

ደግሞ የስምንት ሞንታርቦን በረከት መካድ አይቻልም። ሁለቱ ቤተሰቦች መነጋገር ስለማይችሉ መጣላትም አይችሉም። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ከንፈራቸውን እያየን አሜን እንላለን። ከአማቱ ጎን የተቀመጠ ሙሽራ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን እየነቀነቀ ብቻ ያሳልፋል። ስንት ትዳር በዚህ ተርፏል!

ለእኔ ለቤዚስቱማ ውለታው ልዩ ነው። የቤዝ ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል። የድምፁ ሞገድ 8 ሜትር ያህል ይረዝማል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ሸራ አይዘው፣ አጥር አይመልሰው፣ ግንብም ብዙ አያስቸግረው። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ መንገድ ላይ ሲቀር የእኔ ሰፈር ለሰፈር ይሄዳል። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ኪቦርዱ ጆሮውን ስለበሳው እኔን አይሰማኝም። ከሦስት አጥር ማዶ የተኙት አሮጊት ግን እስኪነጋ የሚሰሙት እኔን ብቻ ነው። ታማኝ አድማጭ አለኝ ማለት ነው።

ቤዝ የማይወድ የለም። ባጃጁ እንኳ ከኋላ ወንበሩ ሥር ገጥሞ ይደልቃል። ሰርግ ላይም አንዱ የሙሽራው ጓደኛ ብርጭቆውን እንደያዘ ሚክሰሩ ጋ ይሄድና «ቤዙን ጨምርበት!» ይላል። እኔም መድረክ ላይ ሆኜ ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ። የሳውንዱ ልጅ ግን የእኔን ቻናል አይነካትም። ከታች ያለውን የወፍራም ድምፅ ማዞሪያ ለሁሉም ይከፍተዋል። ለዘፋኙ፣ ለኪቦርዱ፣ ለመድረክ መሪው ማይክ ሳይቀር። መሪው «ክቡራትና ክቡራን» ሲል ምድር ትንቀጠቀጣለች። ጓደኝየው አውራ ጣቱን ያሳየኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ፣ ምን ላድርግ?

በገናስ ባለ 10 አውታር አይደል? ድምፁም ወፍራም ነው። ሰው ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚሰማው። ሞንታርቦ ስላልነበራቸው ነው፣ አይፈረድባቸውም።

በስልክ የሚቀርጸንም አለ። የስልክ ስፒከር ጥፍር የምታህል ናት፣ የቤዝን ድምፅ ከየት ታመጣዋለች? በማግስቱ ቲክቶክ ላይ ስታዩኝ መሐል ቆሜ ክር የምነካካ፣ ምንም የማይወጣኝ ሰውዬ ነኝ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን አይታ «ግን አንተ እዚያ ምንድነው የምትሠራው?» አለችኝ። ቆንጆ ጥያቄ ነው። እስካሁን እያሰብኩበት ነው።

ወደ ዕቃው ልምጣ። አንድ ጓደኛ አለኝ። ጊታሩ የቻይና ነው። ግን ደህና ጊታር ነው፤ አንገቱ ያልጎበጠ፣ ቅኝቱን የማይለቅ። ስንት ዓመት ሲጫወትበት «ጎበዝ» ያለው ሰው አላየሁም። አንድ ቀን ጭንቅላቱ ላይ የታወቀውን የአሜሪካ ጊታር ስም፣ ፌንደር የሚል ስቲከር ለጠፈበት። በዚያው ሳምንት አንድ ሚዜ መድረኩ ጋ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ድምፁ እኮ ይለያል!»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሕዝባችን ድምፅ ማንበብ ጀመረ ማለት ነው። ጓደኛዬም ከዚያ ወዲያ ዋጋ ጨምሯል። ስቲከሩ በላብ ብዛት ጥጉ ሲነሳ በማስቲሽ ይመልሰዋል። ከሰርግ በፊት ጊታሩን ሳይቃኝ ሊወጣ ይችላል፣ ስቲከሩን ሳያይ ግን አይወጣም።

«ሙዚቃው ያለው ጣት ላይ ነው» የሚሉ ግትሮች አሉ። ለእነሱ አንድ መልስ አለኝ። ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲሽን ቤዝን ሲያወጣ ራሱ ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሠሪው ያልቻለውን ገዢው ይቻል ማለት ግፍ አይደለም? ጄምስ ጀመርሰንንም ይጠቅሱብኛል፣ ሞታውን የሚባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ ቤት ቤዚስት። ክር ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር። በቀኝ እጁ የሚመታውም በአንድ አመልካች ጣት ነበር። ታዲያ አሜሪካ ሆኖ በጀው እንጂ እዚህ ቢሆን ማን ይቀጥረዋል? ያረጀ ክር፣ አንድ ጣት። ጋሼ ያዩታል፣ ቀብዳቸውን ያስመልሳሉ።

ስለ ክር ካነሳን፣ እኛም አንቀይርም። ችሎታ ሆኖብን ሳይሆን እንደልብ ስለማይገኝ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ መጠበቅ አለ። እስከዚያ ላቡና እድፉ ክሩ ጥቅል ውስጥ ይገባና ድምፁ ይደነዝዛል። ያኔ አውልቀን በብረት ድስት እንቀቅለዋለን። እውነቴን ነው። እድፉ ይለቃል፣ ድምፁ ለጥቂት ሰርግ ይመለሳል። እናቴ ምሳ የተጣደ መስሏት ክዳኑን ስትከፍት አራቱ ክር ተጠምጥመው ሲንተከተኩ አየች። «ልጄን የቀለብኩት ለዚህ ነው» ብላ መልሳ ከደነችው። ስቲከር ግን በየሱቁ ሞልቷል። ገበያው የሚበጀንን ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

የኖታውን ነገር ባላነሳው ይሻል ነበር። ግን ምስጋናዬ ጎዶሎ እንዳይሆን።

አንድ ጊዜ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ ሳክስፎኒስት ከአዲስ አበባ መጣልን። ሰርጉ ሐይቁ ዳር ግቢ ውስጥ ነበር። ልጁ የኖታ ማቆሚያውን ዘረጋ። ነፋሱን አይቶ ወረቀቱን በልብስ መቆንጠጫ ያዘው። ብልህ ልጅ ነው። ይሄኔ የሙሽራው እናት ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄኛው ገና እየተማረ ነው እንዴ?»

«አይ እማማ፣ አንብቦ ነው የሚጫወተው።»

«ታዲያ ዘፈኑን የሚያውቅ ሰው ጠፋ?»

ልጁ ሰምቷል። ማቆሚያውን አጣጥፎ ከሞንታርቦው ኋላ ደበቀው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወገቡን ለጥጦ ተጫወተ። ብዙ ተሳሳተ፣ ብዙ ተሸለመ።

የጥንቶቹ ይህን ብስለት አላገኙትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት ጻፉት። ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያሉ ከቃሉ አናት ላይ በደቃቅ ጽሕፈት። የዜማ ተማሪ ዛሬም ያንኑ እያየ ይለፋል። በ1924 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራስ ተፈሪ 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም አመጡና የነሐስ ባንድ አቋቋሙ። የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማም ደረሱ። ይህ ሁሉ መከራ ቴሌግራም ስላልነበረ ነው።

ዛሬማ የሰርጉ ዋዜማ ማታ የዘፈን ሊንክ ይላክልናል። መዓት ሊንክ። በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ጊታር ጭን ላይ አጋድመን በአንድ ጆሮ እንሰማዋለን። «ኪዩ ምንድነው?»፣ ዘፈኑ ከየትኛው ድምፅ ይነሳል ብሎ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ዝግጁ ነው። «ሲጀምር ትይዘዋለህ።» ይህን አነጋገር ለፈጠረው ሰው ሐውልት ይገባዋል። ልምምዱን፣ ኖታውን፣ ክርክሩን፣ የትራንስፖርቱን ወጪ በሁለት ቃል ገላግሎናል።

ሲጀምርስ? ዘፋኙ ያን ቀን ጉሮሮው እንደፈቀደለት ይነሳል። ቤዚስት መቼም የኪቦርዲስቱን እጅ አይቶ ነው ኪዩን የሚይዘው። የእኛ ኪቦርዲስት ግን ከጥቁሮቹ ቁልፎች ጋር አይስማማም። ሁሉንም ዘፈን ከለመደው ቦታ ሳይነቃነቅ ይጫወትና ዘፈኑን ወደ ሌላ ኪይ የምታዘዋውረዋን፣ ትራንስፖዝ የምትባለዋን ቁልፍ ይጫናል። እጁ ኤ ማይነር ይላል፣ ሞንታርቦው ሲ ሻርፕ ማይነር ይላል። እኔ ከሁለቱ ደስ ያለኝን አምናለሁ። ጋሼ እንደሆኑ መድረኩ ሥር ቆመው እያጨበጨቡ ነው።

አንዳንዶቹማ «ቤዙን ኪቦርዱ በግራ እጁ ያወጣው የለ? አንተን በምን ሒሳብ እከፍላለሁ?» ይሉኛል። ልክ ናቸው። ሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮን ቤዝ አስይዞ ያን ሁሉ ዘመን ምን እንዳደከመው ጋሼ እስካሁን አልገባቸውም።

የዚህ ሥርዓት ጉድለት አንድ ብቻ ነው። መብራት ይሄዳል። ሲሄድ ስምንቱም ሞንታርቦ፣ ስቲከሩም፣ ትራንስፖዟም ተገትረው ይቀራሉ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለው ጊዜ ደግሞ አሳፋሪ ነው፣ ለሰው አይነገርም። እናቶች ከጓዳ ከበሮ ያወጣሉ። አንዷ ታወርዳለች፣ ሌላው ይቀበላል። ማንም ኪይ ሳይጠይቅ ጭብጨባው ልክክ ይላል። ከወዲያኛው ጥግ የሲዳምኛው ይነሳል፣ ወጣቶቹ እየዘለሉ ይቀበላሉ፣ ድንኳኑ አቧራ ይሆናል። ሙሽራዋ ጫማዋን ታወልቃለች። ጋሼ ሳይቀሩ ኮታቸውን ወንበር ላይ ጥለው እስክስታ ይወርዳሉ። እግዜር ይስጠው፣ ጄኔሬተሩ ይነሳና ሁሉም ወደ ወንበሩ፣ እኛም ወደ ሥርዓታችን እንመለሳለን። ቪዲዮ አንሺው ያንን ክፍል ይቆርጠዋል። መብራት ስለሌለው አያምርም።

እኔም ከሕዝቤ ላለመለየት ብዬ ባለ 5 ክር ቤዝ ቀብድ ከፍያለሁ። ከአራቱ በታች ሌላ ወፍራም ክር አለው፣ በሰከንድ 31 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ። ከሦስት አጥር ማዶ ያሉትን አሮጊት አስቤ ነው። ወጪው ስለከበደኝ በቅርቡ የደወሉትን አጎት ትንሽ ዋጋ ልጨምርባቸው ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ አዲሱ ጊታሬ ባለ አምስት ክር ነው። ከበፊቱ በአንድ ይበልጣል።»

«አምስት!» አሉ። ደስ ብሏቸዋል። ትንሽ አሰቡና ጠየቁኝ።

«ማታ ማታ ያበራል?»