ሳጥኑን መልሱለት

ወገኖቼ፣ ያንን ልጅ «ጀግና» ማለቱን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ሳጥኑን መልሱለት።

የሆነውን ታውቃላችሁ። ተክለ ሃይማኖት ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ፣ ከጭቃ ቤቶቹ አንዱ ጭስ ተፋ። እናት ለሥራ ወጥታለች፤ ሁለቱ ልጆች ወጥተው እንዳይጠፉባት ከውጭ ቆልፋባቸዋለች። ደጁ በሰው ሞላ፤ ስልክ ወጣ፤ ቀረጻ ተጀመረ። አንዱ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሲቀጠቅጥ ጊዜው ነጎደ። ሱቅ በደረቴ የያዘው ወጣት መንገደኛ ነበር። ሳጥኑን ግድግዳ ሥር አኖረ። ጓጉንቸሩን አልነካውም፤ ድጅኖ ተቀብሎ ጓጉንቸሩ የሚገባበትን ብረት ከነምስማሩ ነቀለው። ብረቱ ቢጠነክርም የያዘው ያረጀ ሳንቃ ነዋ! በሩን ገርበብ አድርጎ ወደ ጎን ዞር አለ፤ ታፍኖ የቆየ እሳት አየር ሲያገኝ በበሩ ይተፋልና። ከዚያ በደረቱ ተሳበ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚተነፈሰው አየር የሚቀረው ወለሉ አጠገብ ነው፤ ቆሞ የገባ በጥቂት እስትንፋስ ይወድቃል። እርጥብ ጨርቅም ጥላሸቱን እንጂ መርዙን አይዝም። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር፤ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ልጆቹን ያገኛቸው አልጋ ሥር ነው። ሕፃን እሳት ሲያይ ይደበቃል፤ ቢጠሩትም ዝም ይላል። ልጅቷን አውጥቶ ተመልሶ ገባ። ወንድሟን አቅፎ ሲወጣ ሳጥኑ የለም።

ማስቲካው፣ ሶፍቱ፣ የሞባይል ካርዱ፣ የልጁ እንጀራ። ሰው በጭስ ውስጥ ሕፃን ሲዳብስ እጁን ወደ ሳጥን የሰደደው ከመካከላችሁ ነው። ያ ሁሉ ዓይን ቆሞ አንድም አላየም? ይህን ይቅር ማለት አቃተኝ።

ደግሞ የልጅቷ ክንድ ላይ የጥርስ ሳሙና ተለቀለቀ። ትኩሳቱን ያፍነዋል፣ ሐኪሙም ቁስሉን እንዳያይ ይጋርዳል። የተቃጠለ ገላ የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ እየፈሰሰ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቧንቧ ከሌለ በጆግ ማንቆርቆር ነው፤ በረዶም ቅቤም አይነካውም። በባልዲ የተራወጣችሁ በጎ አስባችኋል፤ ግን ከመብራት ቆጣሪው ጋር ያለው ብሬከር ሳይወርድ ውሃ መድፋት ደፊውን ሊገድል ይችላል።

ወደ እሳት አደጋ መከላከያው፣ ወደ 939፣ የተደወለው ዘግይቶ ነው፤ ሁሉም «ሌላው ደውሏል» ብሎ። መኪናው ሲመጣም ቅያሱ አፍ ላይ ቆሞ መንገድ የሚመራው አጣ። የመርካቶዋ ሸማ ተራ በጥቅምት 2017 ስትነድ አይተን አልነበረም እንዴ?

እናትየዋን የምትኮንኑ ግን ዝም በሉ። ትርፍ ቁልፍ ለማን ትተው? በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለያይተን የልጆቿን ስም የማናውቅ እኛ ነን። «ስወጣ እዩልኝ» እንዳትል ፊታችንን ያጠቆርንባት እኛ ነን። ዕድራችን ድንኳን፣ ብረት ድስት፣ አግዳሚ ወንበር አለው፤ ለሞተ ሰው ምንም አይጎድለውም። አንድ ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ አንድ ድጅኖ፣ አንድ በርሜል አሸዋ ግን የለውም። በሚቀጥለው ስብሰባ አንሡት። ቁልፍ የሚቀበል ቤትም በየቅያሱ ይመረጥ። ብዙ ጊዜ ተብሎ እንደቀረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንሡት።

አንተም ሳጥኑን የወሰድክ፣ በጨለማም ቢሆን፣ ማንም ሳያይህ፣ ከዚያው ከጠቆረው ግድግዳ ሥር አኑረው። ልጁ አሁንም በዚያ መንገድ ያልፋል።