ስልክ ላይ ደጅ አትጥኑ

ባለፈው ወር ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ የእህቴ ልጅ ስልኩን አቀበለኝና «አክስቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ልቡ ለወደዳት ልጅ በቴሌግራም የጻፈውን አነበብኩ። «ሰላም»፣ «አለሽ?»፣ «ምነው ጠፋሽ?»፣ «አስቀየምኩሽ እንዴ?» አራቱም የተላኩት በአንድ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ሰዓት ያውቀዋል። ሙቀቱ ሲበረታ ሰው ወደ ጥላ ይገባል፤ ብዙው ጋደም ይላል። ልጅቷ ምናልባት ተኝታ ነበር። እርሱ ግን መልእክቱ መነበቡን የሚያበሥረውን ሁለተኛ ምልክት ሲጠብቅ ከሰዓቱን ሙሉ ተቃጠለ።

ጓደኞቹ «በዛህባት፤ እርሷ አንድ ሰዓት ከቆየች አንተ ሁለት ሰዓት ቆይ» ብለውታል። አልስማማም። አራቱን መልእክት ደግሜ አነበብኳቸው፤ በአንዱም ውስጥ መውደዱ የለም። ያለው ጥያቄ ነው፤ እርሷን ስለ ዝምታዋ የሚያስጠይቅ። ደጅ መጥናት የምለው ይህንን ነው። ወዶ መናገር ክብር አይነካም። ሰዓት ቆጥሮ መግደርደርም ያው ጭንቀት ነው፤ የተደበቀ መሆኑ ብቻ ይለየዋል። የድሬ ልጅ ደግሞ በግልጽነቱ ነው የሚታወቀው።

ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ አባቴም የባቡር ሠራተኛ ነበር። አዋሽ ለነበረችው እናቴ ደብዳቤ ሲልክ መከፈቱን የሚነግረው ምልክት አልነበረም። ስለዚህ የሚለውን ሁሉ አስቦ፣ በአንድ ወረቀት ጽፎ፣ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። እናቴ እነዚያን ደብዳቤዎች እስክታርፍ ድረስ በሣጥኗ አኑራቸዋለች።

ለእህቴ ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው። ልጅቷ የነገረችህን አንድ ነገር አስታውስ፤ የምትፈልገውን በቀንና በሰዓት ለይተህ ጥራ፤ ከዚያ ስልኩን አስቀምጥ። እንዲህ ጻፈ፦ «የሐሙሱ ፈተናሽ እንዴት ሆነ? ካንቺ ጋር መጫወት ደስ ይለኛል። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭማቂ ልጋብዝሽ?» ቴሌግራም ላይ መጨረሻ የታየበትን ሰዓትም እንዲደብቅ መከርኩት፤ የራሱን የደበቀ ሰው ለቴሌግራም ካልከፈለ በቀር የሌላውንም ሰዓት ማየት አይችልም። ያ መከልከል ለእርሱ እረፍት ሆነለት።

ሴቶች ልጆቻችንን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቀድማ «ሰላም» ያለችን ልጅ «ልክስክስ» የሚሉ ወንዶች አሉ፤ እናቶችም አሉበት፤ ያሳዝነኛል። ያንኑ «ሰላም» ወንድ ሲጽፈው ድፍረት ይባላል። ልጅቷም እኩል ልብ አላት፤ እኩል ትጻፍ።

መልስ ካልመጣስ? ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃል። ዝምታው ከቀጠለ መልሱ እርሱ ነው፤ ምክንያቱን መጠየቅ የማንም መብት አይደለም። ከተማችንም ትንሽ ናት፤ ዛሬ በመልእክት ያስጨነቅናትን ልጅ ነገ ባጃጅ ውስጥ አጠገባችን ተቀምጣ እናገኛታለን።

ልጅቷ በሁለተኛው ቀን መለሰች። ሌላ የምትወደው ሰው እንዳለ በጨዋ ቃል ነገረችው፤ ስለ ፈተናው በመጠየቁም አመሰገነችው። ሁለት ቀን አዘነ። ባለፈው እሑድ ወደ ከፊራ ገበያ አብረን ስንሄድ ከእናቷ ጋር አገኘናት፤ ፊቷን ሳታዞር ቀድማ ሰላም አለችው፤ እርሱም ዘንቢላቸውን ተቀብሎ እስከ ባጃጁ ሸኛቸው።