«ጠብቂው» ምክር ነው እንዴ?

ሰሞኑን አንዲት እናት የሬዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ ደውላ ልጇ ሁለት ዓመት ሞልቶት ገና አፉን እንዳልፈታ ተናገረች። እንግዳው ሐኪም «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ሦስት ዓመት እስኪሞላው ጠብቂው» አሏት። ምግብም እምቢ ይለኛል ስትላቸው «ስልክ ስጪው፣ እያየ ይበላል፤ ዋናው ሆዱ መሙላቱ ነው» ብለው ወደ ቀጣዩ ደዋይ አለፉ። በአንድ ደቂቃ ሁለት ጥፋት!

ማሳመኛቸው ደግሞ የባሰ ነው፦ «አንስታይንም የተናገረው ዘግይቶ ነው።» ይሁን፣ ዘግይቶ ተናገረ እንበል። ዘግይተው ተናግረው አንስታይን ያልሆኑትንስ ማን ቆጠራቸው? ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ አጥርቶ ስለማይሰማ ዝም ያለ ልጅ በሊቅ ስም ይታከማል? ሴትዮዋ የጠየቀችው ስለ ልጇ ነው እንጂ ስለ ኖቤል ሽልማት አይደለም።

ዘግይተው ከሚናገሩ ልጆች ብዙዎቹ ኋላ እኩዮቻቸውን እንደሚደርሱባቸው አልክድም። ግን የትኛው እንደሚደርስ፣ የትኛው እንደሚቀር በሬዲዮ ማን ይለያል? ወንዶች ከሴቶች ዘግየት ቢሉም ልዩነቱ የወራት እንጂ የዓመት አይደለም። ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ 50 ወይም ከዚያ በላይ ቃላት አሉት፤ «እማ ነይ»፣ «ኳስ የለም» እያለም ሁለት ሁለቱን ማጋጠም ይጀምራል። ከዚህ በጣም የራቀ ልጅ መጀመሪያ መስማቱ ይመርመር፣ ከዚያም የንግግር ሕክምና ባለሙያ ይየው። ደህና ሆኖ ቢገኝ የሚከስር ሰው የለም።

ያንገበገበኝ ግን የስልኩ ነገር ነው። ስልክ እያየ የሚበላ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ተተክሏል። ማንኪያ ከንፈሩን ሲነካው አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የጎረሰው ካሮት ይሁን ድንች አያውቅም፤ ጉንጩ ውስጥ ወትፎ ይረሳዋል። «ዋጥ! ዋጥ በል!» ይባላል፣ እሱ የለም። ካርቱኑ ሲያልቅ ይጮኻል፤ ሌላ ይከፈትለታል። ይህን ነው «በላ» የምንለው።

ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ቢመገብ በዓመት ከ1000 ጊዜ በላይ ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ከዚህ የተሻለ የቋንቋ ትምህርት ቤት ካለ ንገሩኝ። «ትኩስ ነው፣ እፍ በለው።» «ልጨምርልህ?» ፊቱን ሲያዞር «በቃኝ» እያለ ነው፤ እናቱ «በቃህ? በቃኝ በላ!» ስትለው ያ ፊት ማዞር ቃል ያገኛል። እጁን ወደ ኩባያው ሲዘረጋ «ውሃ? እንካ ውሃ» ትለዋለች፤ ነገ «ው» ይላል። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ይውላል፣ ልጁ ለሚለው ግን መልስ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስክሪን ፊት መቀመጥን የማይመክረው፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ የሚለው ለቀልድ ይመስላችኋል?

«ሆዱ ይሙላ» ለሚሉትም፦ መጥገቡን የሚያውቀው ልጁ ራሱ ነው፤ ዓይኑን በካርቱን ሸፍኖ ማጉረስ ያንን እውቀት መንጠቅ ነው። አዲስ ምግብ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ቀርቦለት የሚለምድ ልጅ ብዙ ነው፤ እኛ ግን በሦስተኛው ተስፋ ቆርጠን ወደ ተፈጨው እንመለሳለን። እስከ ዘጠነኛ፣ አሥረኛ ወሩ ድረስ የተፈጨ ብቻ ሲውጥ የከረመ ልጅ ኋላ ጓል ያለው ምግብ ሲሰጡት ቢያስቸግር አይግረመን። ሲበላ የሚያስለውና የሚያንቀው ወይም ክብደት አልጨምር ያለው ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዛሬውኑ ይታይ።

ያቺ እናት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር» ብላ ስልኩን ዘጋች። ያው ስልክ ማታ ለእራት ልጁ ፊት ተደግፎ ይቆማል።