የእብድ ውሻ በሽታ፦ ክትባቱ ብቻ ይበቃል?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ በተጠረጠረ እንስሳ ደም እስኪወጣው ለተነከሰ ሰው ሁሉ ከክትባቱ ጋር ቫይረሱን የሚያከሽፍ የፀረ እንግዳ አካል መርፌ ይሰጥ።

ነርሷ፦
ደም ያወጣ ንክሻ ይዞ የመጣን ሰው ክትባት ወግቶ ብቻ ማሰናበት አልቀበልም። ክትባቱ ሰውነት የራሱን ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርት ያነሳሳል፤ ለዚህ ግን ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቫይረሱ እስከዚያ ቆሞ አይጠብቅም፤ ነርቭ ይዞ ወደ አንጎል ይሄዳል። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው በተለምዶ ሴረም የምንለው፣ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ፀረ እንግዳ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኢራን ውስጥ ያበደ ተኩላ 29 ሰዎች ነክሶ ነበር። ጭንቅላታቸው ላይ ከቆሰሉት ክትባት ብቻ ያገኙት 5 ሲሆኑ 3ቱ ሞቱ፤ ሴረም ከተጨመረላቸው 13 ሰዎች የሞተው 1 ብቻ ነው። ያለ ሴረም የሚሰጥ ክትባት ግማሽ ሕክምና ነው።

ሐኪሙ፦
ሲስተር፣ "ግማሽ ሕክምና" ሲባል ታካሚው ምን እንደሚያደርግ አስበውበታል? ክትባቱ ያለበትን ክሊኒክ ትቶ ሴረም ፍለጋ ይሄዳል፤ ቀናት ያልፋሉ። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኞቹ ጨርሶ ያልታከሙ ወይም የዘገዩ ናቸው። የኢራኑም ክትባት ከእንስሳ የነርቭ ሥጋ የተሠራ ነበር፤ ዛሬ ከምንሰጠው ጋር አይወዳደርም። ከፈረስ ደም የሚወጣው ሴረም ደግሞ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል። ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ ክትባቱን በዚያው ቀን መጀመር፦ ሰው የሚተርፈው በዚህ ነው።

ነርሷ፦
ከጻፍኩት ሁሉ አንዲት ቃል መዘው ያዙ። የፈረሱ ሴረም ዛሬ ተጣርቶ የሚዘጋጅ ነው፤ ከባድ አለርጂ ብርቅ ነው። ሴረሙ ከመሰጠቱ በፊት የሚደረገው የቆዳ ምርመራም ማን አለርጂ እንደሚነሳበት አስቀድሞ ስለማይናገር የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ከባድ አለርጂ ቢነሳ የሚወጋውን አድሬናሊን አጠገብ አስቀምጦ ሴረሙን መስጠት ነው። ዋናው ጥንቃቄ አወጋጉ ላይ ነው፤ መርፌው የሚገባው ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ነው። የሕፃን ጣት ከሆነ በቀጭን መርፌ፣ በዝግታ፣ ጣቱ ሲወጠርና ሲነጣ ቆም እያሉ ነው የሚወጋው፤ ቢጫኑት ደም ይታገዳል። ይህን ስሠራ ኖሬ ስለ አለርጂ ትምህርት ሲሰጠኝ ቅር ይለኛል።

ሐኪሙ፦
እጅዎን አልነቀፍኩም፤ የነቀፍኩት ቃሉን ነው። ቀደም ሲል ክትባቱን በሙሉ የወሰደ ሰው ቢነከስ ሴረም አያስፈልገውም። የመጀመሪያው ክትባት ከተሰጠ 7 ቀን ካለፈም አይሰጥም። እነዚህን "በግማሽ ታክመዋል" ልንላቸው ነው? ከመጠን ያለፈ ሴረም የክትባቱን ሥራ ያዳክማል። ጠርሙሱ ጥቂት በሆነበት ደግሞ ንክሻቸው ለበዛ፣ ለጠለቀ፣ ጭንቅላት፣ አንገት ወይም እጅ ላይ ላለባቸው፣ የበሽታ መከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ቅድሚያ ይሰጣል።

ነርሷ፦
እንግዲህ ክርክሩ "ማን ይቅደም" ሆነ፤ ሲጀምሩ ሳሙናና ክትባት ይበቃል ሲሉ ነበር! ስለ እጥረቱ ከተነሳ፣ ከሰው ደም የሚዘጋጀው በታካሚው ክብደት በኪሎ 20፣ የፈረሱ በኪሎ 40 ዓለም አቀፍ ዩኒት ጣሪያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር የሚሰጠው ቁስሉ የሚችለውን ያህል ነው፤ የተረፈው ጡንቻ ላይ አይወጋም። ንጽሕናው ተጠብቆ ከተቀዳ አንድ ጠርሙስ ከአንድ ሰው በላይ ያዳርሳል። በላቦራቶሪ የሚመረተው ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካልም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ የፈረስም የሰውም ደም አይጠብቅም።

ሐኪሙ፦
ሞኖክሎናሉን እደግፋለሁ። አንዱ ዓይነት የቫይረሱን አንድ ቦታ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሁለት ተቀላቅለው ሲሰጡ ይመረጣል። ግን አሁንም ቃሉን አላነሱም። ሴረም ዛሬ ባይኖር ክትባቱ ዛሬ ይጀመራል፤ ሴረሙ በ3ኛው ቀን ቢገኝ በ3ኛው ቀን ይሰጣል። ለታካሚው ይህን ይንገሩት፤ "ግማሽ" አይበሉት።

ነርሷ፦
ይህንንማ እነግረዋለሁ፤ ክትባቱንም በእጄ እወጋዋለሁ። ሴረሙን ለማዘዝ ግን 3ኛውን ቀን አልጠብቅም።