ርካሽ የምስጢራዊ ደንበኛ ሥራ ማንን ይጎዳል?

ምስጢራዊ ደንበኛ የሚባለው ተራ ሸማች መስሎ ወደ ሱቅ፣ ባንክ፣ ሆቴል ወይም ነዳጅ ማደያ የሚገባ፣ ያየውንና የሰማውን መዝግቦም ለላከው ድርጅት ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ነው። ሥራው አዲስ አይደለም፤ በአሜሪካ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ነው። ዛሬ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሁሉ ተመዝግቦ ምድብ፣ ማለትም አንድን ቦታ ጎብኝቶ ሪፖርት የማቅረብ ሥራ፣ መውሰድ ይችላል። ከሚቀርቡት ምድቦች ብዙዎቹ ታዲያ ክፍያቸው እጅግ ዝቅ ያለ ነው። እነዚህን መቀበል ያዋጣል? እኔ በአብዛኛው አያዋጣም ባይ ነኝ።

ሂሳቡን እንሥራ። ማስታወቂያው ጉብኝቱ 20 ደቂቃ ይፈጃል ይላል። ከጉብኝቱ በፊት ግን ረጅም መመሪያ ማንበብ አለ፤ የትኛው ዕቃ እንደሚጠየቅ፣ በስንት ሰዓት መግባት እንደሚቻል፣ የትኛው ጥያቄ ለሠራተኛው መቅረብ እንዳለበት በቃል መያዝ አለበት። መሄጃና መመለሻ አለ። ከዚያ ሪፖርቱ ይመጣል፤ ዋናው ድካምም እዚህ ላይ ነው። በሩን ካለፉበት ቅጽበት ሰላምታ እስኪሰጥ ስንት ሰከንድ አለፈ? ያስተናገደው ሠራተኛ ስሙ ማን ነው፣ መልኩስ? መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነበር? ይህ ሁሉ በመጠይቁ ከተሞላ በኋላ በትረካ መልክ ይጻፋል፣ ደረሰኝና ፎቶግራፍ ይያያዛል፤ ሪፖርቱን የሚመረምረው የድርጅቱ አራሚ ደግሞ ማብራሪያ ፈልጎ ሊመልሰው ይችላል። በ20 ደቂቃ የተጀመረው ሥራ 2 ሰዓት ሲሞላ፣ ያ አነስተኛ ክፍያ ለ2ቱ ሰዓት ይከፈላል።

ወጪው ገና አልተነሳም። ምስጢራዊ ደንበኛ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን በግሉ የሚሠራ ተዋዋይ ነው። ትራንስፖርቱን፣ ስልኩንና ግብሩን ራሱ ይችላል። ዕቃ ግዛ ከተባለ ከኪሱ ገዝቶ ገንዘቡን አንድ ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ይጠብቃል፤ ያለ ወለድ ለድርጅቱ አበደረ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ስለ ውድቅ ሪፖርት ያለው ደንብ ነው። ከተመደበው ሰዓት ውጪ ከተገባ ወይም ደረሰኙ ከጠፋ፣ ክፍያውም የዕቃው ዋጋም ሊቀር ይችላል። ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ኪሳራው አይቀንስም። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው።

ጀማሪ ግን ስም ማፍራት አለበት የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ድርጅቶች ለሪፖርቶች ነጥብ ይሰጣሉ፣ እንደ ሆቴል አዳር ያሉ የተሻሉ ምድቦችም በጎ ነጥብ ላላቸው ይደርሳሉ። ለዚህ ጥቂት ሥራዎችን በዝቅተኛ ክፍያ መሥራት ተገቢ ነው። መንገድ ላይ ያለ ቦታ ሲሆን፣ በአንድ ጉዞ ብዙ ምድቦች ሲገጣጠሙ፣ ወይም የሚተካው ወጪ በማንኛውም ሁኔታ ሊገዛ ለታሰበ ነገር ሲሆንም ሂሳቡ ይለወጣል። እኔ የምቃወመው ልማዱን ነው፤ ልምዱ ከተገኘ በኋላም “ከምንም ይሻላል” እያሉ የመጣውን ሁሉ መቀበልን።

ምክንያቱም ምድብ ሳይወሰድ ሲቀር ዋጋው ይጨምራል። ላኪው ድርጅት ሪፖርቱን ላዘዘው ሱቅ ወይም ባንክ ቃል የገባበት ቀን አለው፤ ብዙ ጊዜ የወሩ ወይም የሩብ ዓመቱ መጨረሻ ነው። ቀኑ ሲቀርብ ሥራ መዳቢው ጉርሻ ጨምሮ ሰው ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዋጋ የሚወስድ ከተገኘ ግን ለምን ይጨምራል? ርካሹን ምድብ የተቀበለ ሰው ለራሱ ብቻ አልወሰነም፤ ከእሱ በኋላ ለሚመጣውም ዋጋ ተምኗል።

ብዙ የማይነገርለት ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሠራተኛ። እኛ የምንጽፈው ሪፖርት በአለቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ጉርሻው፣ አንዳንዴም የሥራው ዕጣ ፈንታ በእሱ ላይ ይመሠረታል። በዝቅተኛ ክፍያ ስምንትና ዘጠኝ ቦታ በአንድ ቀን የሮጠ ሰው ማታ ሲጽፍ የትኛው ሠራተኛ ፈገግ እንዳለና የትኛው ፊቱን እንዳዞረ ያደናግረዋል። ያላስታወሰውን በግምት ይሞላል። ይህ በሰው ኑሮ ላይ የሚደረግ በደል ነው፣ ጥፋቱም የጸሐፊው ብቻ አይደለም፤ ጥንቃቄ እየጠየቀ የጥንቃቄ ዋጋ የማይከፍለው ድርጅት ይጠየቅበታል።

በተቃራኒው፣ ለቀላል ሥራ ድንገት ከፍተኛ ገንዘብ የሚያቀርብ ደብዳቤ ሲመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደጋግሞ ያስጠነቀቀበት ማጭበርበር ነው፤ ሐሰተኛ ቼክ ይላካል፣ ከፊሉን ሐዋላ አድርግ ወይም የስጦታ ካርድ ግዛበት ይባላል፣ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ዕዳው ባንክ ላስገባው ሰው ይተርፋል። ለመመዝገብ ክፈሉ የሚልም እንዲሁ ሊታለፍ ይገባል።

ትክክለኛው ድርጅት ያነሰ ዋጋ ሲያቀርብ ግን ዝም ብሎ ከማለፍ መልስ መጻፍ ይሻላል። ርቀቱን፣ የሪፖርቱን ርዝመትና ሥራውን የምንሠራበትን ክፍያ በጨዋ ቋንቋ ለሥራ መዳቢው ማሳወቅ ነውር የለውም። አይቻልም ካለ ምድቡ ይቅር። ማብቂያው ቀን ሲደርስና ቦታው አሁንም ባዶ ከሆነ፣ ማንን እንደሚጠይቅና በስንት እንደሚጠይቅ ያውቃል።