ለገሃር ባለቤት የለውም ያላችሁ ማነው?

የአገሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር አይበላችሁ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ በየፌስቡኩ ስንት እንባ ፈሰሰ! ቤቶቹ ቆመው ሳለ፣ ጣሪያቸው ሲያፈስ፣ በረንዳቸው ሲበሰብስ ግን የት ነበራችሁ? ለቅሶ መድረስ ላይ ማን ይችለናል። በሽተኛ መጠየቅ ላይ ነው የምንጠፋው።

አሁን ደግሞ የአዲስ አበባው አሮጌ ባቡር ጣቢያ፣ ለገሃር፣ አለላችሁ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ። አዲሱ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ጣቢያው ከመሀል ከተማ ወጥቶ ለቡ በኩል ሆነ። ለገሃር ባቡር አልባ ጣቢያ ሆኖ ቀረ።

ኅዳር 2011 ላይ መንግሥት ቦታውን ከኤምሬቱ የሪል እስቴት ኩባንያ ኢግል ሂልስ ጋር ሊያለማ መሆኑን ይፋ አደረገ። 36 ሄክታር፣ 50 ቢሊዮን ብር ተባለ። መኖሪያ ቤት፣ ሆቴል፣ የገበያ ማዕከል ይኖረዋል፤ አሮጌው ጣቢያ ግን አይነካም ተባለ። እዚያ ለሚኖሩት 1,600 ያህል አባወራዎችም ሰፈራቸውን ሳይለቁ ቤት እንደሚሠራላቸው ቃል ተገባ። ጥሩ ቃል ነው። እናንተስ ምን አደረጋችሁ? የዲዛይኑን ፎቶ ሼር አደረጋችሁ። ገሚሱ ዱባይ ልንሆን ነው አለ፣ ገሚሱ ታሪካችን አለቀ አለ። በቃ፣ በማግስቱ ተረሳ።

ቤት አይሠራ አልልም። አሮጌ መጋዘን ሁሉ እንዳለ ይቀመጥ የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ ቤት ያለው ነው። ሰው በኪራይ እየተንገበገበ መሀል ከተማ ላይ ሰፊ መሬት አጥሮ ማስቀመጥ ነውር ነው። ግን ቤት ስለተደረደረ ብቻ ሰፈር አይሆንም። ይህን ኮንዶሚኒየም ሊያስተምረን ይገባ ነበር። ለለቅሶ፣ ለሰርግ፣ ለእርድ ተብሎ ኮሚናል የሚባል የጋራ ቤት ተሠራልን። ሂዱና እዩት። አንዱ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። አንዱ ግሮሰሪ ነው። አንዱ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሰው ሲሞት ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። ልጆቹ ኳሳቸውን ታቅፈው በመኪና መሀል ይሽሎከለካሉ። ማን ቀማችሁ? ማንም። ኮሚቴው ስብሰባ ሲጠራ ቀርታችሁ ነው።

ድሬዳዋ ያላችሁም አትሳቁ። የባቡሩ ወርክሾፕ እናንተው ጋ ነው። ማሽኖቹ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያውቁት አዛውንት ሠራተኞች ናቸው። እነሱ ሳያልፉ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አስጠይቁ።

አንድ ነገር በጣም ያበግነኛል። ለገሃር ፊት ለፊት የቆመውን አንበሳ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር። ሰኔ 1930 ላይ ዘርዓይ ደረስ ያንን ሐውልት ሮም አደባባይ ሲያይ ደሙ ፈልቶ ሰይፍ መዘዘ። ከዚያ በኋላ አገሩን አላየም፣ እዚያው ጣሊያን ታስሮ ሞተ። አንበሳው ግን ተመለሰ። እናንተስ? አጥሩ ሥር ትሸናላችሁ።

ሕጉ እኮ አለ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለልማት የሚነሱ ባለይዞታዎች አስቀድመው እንዲመከሩ ያዝዛል። የቅርስ አዋጁም ቁጥር 209/1992 ተብሎ ተቀምጧል። አንብቡት፣ ካልገባችሁ የሕግ ተማሪ ጎረቤታችሁን አስነብቡ። ምክክሩ ላይ ማንም ካልተገኘ ግን ወረቀቱ ምን ያድርግላችሁ?

ስለዚህ ወረዳው ሲጠራችሁ አበል አለው ወይ እያላችሁ አትደውሉ። ሂዱ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ካርታው ይገለጥልን በሉ። ከቤቶቹ ስንቱ በደሞዝተኛ አቅም ነው? የድሮው ጣቢያ አዳራሽ ለሰፈሩ ልጆች ይከፈታል ወይስ ለሆቴል እንግዳ ብቻ? መጋዘኖቹ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ይገባል ወይስ ሌላ ካፌ? እድሩ ድንኳኑን የት ይተክላል? የሚያስተዳድረው ማነው፣ የጥገናውን ገንዘብስ ከየት ያመጣል? መልሱን በቃል ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ። ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፣ ኮፒውም ይሰጣችሁ።