ማሪያ ሙሾ ማውረድ ነበረባት?

በባሕር ዳር አማተር ከያንያን «ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ን፣ በሁለት ባላንጣ የኒውዮርክ ወጣት ቡድኖች መካከል የተወለደ ፍቅርን የሚተርከውን የአሜሪካ ሙዚቃዊ ትያትር፣ በአማርኛ አቅርበው ነበር። መጨረሻው ላይ ማሪያ በተገደለው ፍቅረኛዋ በቶኒ ሬሳ ላይ ሙሾ ታወርዳለች። አንድ የሙዚቃ መምህርና አንዲት ሞጣ ያደገች ነርስ በዚህ አልተስማሙም።

መምህሩ፦ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1957 ኒውዮርክ ላይ ሲከፈት ከቶኒ ሞት በኋላ ዘፈን አልነበረውም። የሙዚቃው ደራሲ በርንስታይን ለማሪያ ዜማ ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለትምና ተወው። ሲዘፈን ያመሸው መድረክ ጭጭ ይላል፤ እሷ ቶኒን ከገደለው ከቺኖ እጅ ሽጉጡን ተቀብላ ትናገራለች። የሥራው ጉልበት እዚያ ነው። ልጆቹ ግን ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ደረት እየደቁ አዳራሹን ለቅሶ ቤት አደረጉት። «ማሪያ» የሚለውን ዘፈን በአንቺ ሆዬ መቃኘታቸው እኮ ግሩም ነበር፤ ስሟ ሲጠራ ዜማው የሚዘለው ያ ሻካራ ርቀት ቅኝቱ ውስጥ አለ። እዚያ ያከበሩትን ሥራ መጨረሻው ላይ ለምን ናቁት?

ነርሷ፦ «ለቅሶ ቤት» አሉ፣ መምህር። ለቅሶ ቤት ምን ነውር አለው? እናቴ አልቃሽ ነበረች። ድምጿን ከማውጣቷ በፊት አውራ ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ ታሳርፍ ነበር፤ ከዚያ የሟቹን በሬ፣ የሟቹን ማሳ በየስሙ ትጠራለች። ማሪያ የምታለቅሰው ወንድሟን ለገደለ ሰው ነው። ይህን ከሙሾ በቀር ምን ይሸከመዋል? በእኛ አገር ሬሳ ፊት ዝም የምትል ሴት የለችም።

መምህሩ፦ የለችም? ታላቅ ወንድሜ ደጀን ሲቀበር እናቴ አንዲት ቃል አልወጣትም። አልቃሽ ተጠራላት። እሷ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየፈተለች መሬት መሬት ታያለች። እኔ እስከ ዛሬ የማስታውሰው ያችን ጣት ነው፤ ከሙሾው አንድ ስንኝ አልያዝኩም። እርስዎ እናቴን ከሴት ተራ አወጧት።

ነርሷ፦ ወንድምዎን ነፍስ ይማር። እናትዎን ግን እኔ አላነሳሁም፣ ያላልኩትን አያስብሉኝ። ይልቅ የጠየቅኩዎትን ይመልሱ፤ ለቅሶ ቤት ብለው ያቃለሉት ምኑን ነው? ከኋላዬ የተቀመጡት እናት ገና የመጀመሪያው ስንኝ ሲወጣ «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ለእሳቸው ይህ ትያትር ያንሳል?

መምህሩ፦ እኔም ሰምቻቸዋለሁ፤ ያለቀሱት ለራሳቸው ልጅ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ማሪያ ሁለቱንም ወገን ገዳይ ብላ የምትከስበት ንግግር በሙሾው ተዋጠ። ሽጉጡን እንኳ ገና ሳታነሳው አስቀመጡባት። ደም የሚቃባ፣ ደም የሚመልስ ሰው ባለበት አገር፣ ሌላው ሁሉ ቀርቶ ያ ክስ መሰማት ነበረበት።

ነርሷ፦ አሁንም ዘለሉት። ደግሞስ ሙሾ ክስ የማያውቅ መሰለዎት? ገዳይ ዘመዶቹ መሃል ቆሞ ሳለ፣ እናቴ ስሙን ሳትጠራ በሁለት ስንኝ ወግታው አንገቱን ደፍቶ ከድንኳኑ ሲወጣ አይቻለሁ። የልጆቹ ግጥም ከላላ ግጥሙን ይውቀሱ።

መምህሩ፦ ግጥሙማ ላልቷል! «ወየው ወየው» ብቻ ነው።

ነርሷ፦ ይህን ቀድመው ቢሉ ኖሮ ባልተጣላን። ስንኙን እኔ እሰጣቸዋለሁ፣ የእናቴ በጄ አለ። ሙሾው ግን ከመድረክ አይወርድም።

መምህሩ፦ እንግዲያው ሽጉጡን ይመልሱላት። ሽጉጡን ይዛ ታልቅስ።